ሦስት ካሳዎች

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። ስም በዘፈቀደ አይወጣም፤ ገና ጥርስ ያላበቀለው ሕፃን ወደፊት ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን መልአኩ ቀድሞ ያውቃል፣ ለወላጆቹም ሹክ ይላቸዋል ማለታቸው ነው። እኛ የከተማ ልጆች ደግሞ መልአኩን ትተን ጆሯችንን እናምናለን። ሊሊ ከምትባል ልጅ ጋር ቀጠሮ ብንይዝ ገና ሳናያት ለስለስ ያለች፣ ሳቂታ ትመስለናለች። ጓንጉል ከሚባል ሰው ጋር ቢሆን ደግሞ ትከሻው የሰፋ፣ ነገረ ሥራው ቆፍጠን ያለ ሰው እንጠብቃለን። ከዚያ ጓንጉል ዓይን አፋር ሆኖ፣ ሊሊ ጠረጴዛ እየደበደበች ስትከራከር ስናገኛቸው እንገረማለን። የምንገረመው በሰዎቹ እንጂ በጆሯችን አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ የስም ድምፅ ስለ ባለቤቱ ጠባይ የሚነግረን ነገር አለ? መልሱን ፍለጋ ከጎንደር ወደ መተማ የሚወስደውን መንገድ እንይዛለን። ከጎንደር በስተምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዝን የጭልጋዋ ከተማ አይከል አለች። ይህ መንገድ ከጥንት ጀምሮ ጎንደርን ከሱዳን ጋር ሲያገናኝ የኖረ የነጋዴ፣ የጦርና የስደተኛ መንገድ ነው። ለእኛ ጥያቄ ደግሞ ከየትኛውም መንገድ ይሻላል፤ ምክንያቱም በዚህ አቅጣጫ ታሪክ ራሱ አንድን ስም ለተለያዩ ሰዎች ሰጥቶ ሙከራውን ሠርቶልናል።

ጆሯችን ምን ይላል?

ነገሩ የቡና ወሬ ብቻ አይደለም። ፕላቶን «ክራቲሎስ» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስን ስለ ድምፆች ያናግረዋል። «ር» የእንቅስቃሴ፣ «ል» የልስላሴ ድምፅ ነው የሚል ሐሳብ እዚያ እናገኛለን። ሶቅራጥስ ግን ሐሳቡን ራሱ አንስቶ ራሱ ይጠራጠረዋል። ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ፣ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቮልፍጋንግ ኮለር በ1929 እ.ኤ.አ. ሁለት ሥዕሎችን ይዞ መጣ። አንዱ ክብ ክብ ያለ፣ ሌላው ሹል ሹል ያለ ነው። ከሁለት ትርጉም የለሽ ቃላት ለየትኛው ሥዕል የቱ እንደሚስማማ ሲጠየቁ አብዛኞቹ ሰዎች «ታኬቴ»ን ለሹሉ ሰጡ። በ2001 እ.ኤ.አ. ራማቻንድራንና ሃባርድ የተባሉ ተመራማሪዎች «ቡባ» እና «ኪኪ» በሚሉ ቃላት ተመሳሳይ ነገር አቀረቡ። ከመቶ 95ቱ ቡባ ክቡ፣ ኪኪ ሹሉ ነው አሉ።

በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ የካናዳው ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ዴቪድ ሲዱና ባልደረቦቹ፣ ጥያቄውን ወደ ሰው ስም አመጡት። ሰዎች ሊያምና ሞናን የመሰሉ በለ፣ በመ፣ በነ የተሞሉ ስሞችን ሲሰሙ ባለቤቶቹ ስሜታቸው ቅርብ፣ ተስማሚ፣ ኃላፊነት የሚሰማቸው ይመስሏቸዋል። በፐ፣ በተና በከ የሚረግጡ ስሞችን ሲሰሙ ግን ተጫዋችና ከሰው የሚቀላቀል ሰው ይታያቸዋል። እስከዚህ ድረስ ሊሊና ጓንጉልን በምናባችን የሳልን እኛ ብቻ አልነበርንም ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ግን እዚያ አላቆሙም። ከሺህ በላይ ሰዎችን እውነተኛ ስምና ስለ ጠባያቸው የሰጡትን መልስ አነጻጸሩ። ምንም ዝምድና አላገኙም። የስም ድምፅ ሰሚው ውስጥ ሥዕል ይፈጥራል፤ ሥዕሉ ግን ባለቤቱን አይመስልም።

አማርኛችንስ? መጀመሪያ ላይ ለጆሮ የሚያደላ ይመስላል። ለስላሳ፣ ልዝብ፣ ለምለም፣ መለመለ እንላለን፤ ምላስ እየተንሸራተተ። ጠጣር፣ ቁጡ፣ ጨካኝ፣ ቆራጥ ስንል ደግሞ ጉሮሯችን ታፍኖ ድምፁ ይፈነዳል። «እነሆ! ጠ፣ ቀና ጨ የኃይለኛ ሰው ድምፆች ናቸው» ለማለት ይዳዳናል። ትንሽ ቆይተን ስናስብ ግን ጣፋጭም በጠ ነው። ፍቅርም ቀ አለበት። ጽጌ ከነመዓዛዋ በዚያው በሚፈነዳው ድምፅ ነው የምትጀምረው። በሌላ በኩል መርዝ፣ ሞት፣ ሌባና ውሸት አንዳቸውም ጉሮሮ አያፍኑም። መርዝን ከድምፁ ብቻ የሚያውቀው ሰው ጠጥቶት ያድር ነበር።

በዚህ ላይ የእኛ ስሞች ትርጉማቸው ፊት ለፊት የሚታይ ነው። እንግሊዞች ልጃቸውን ሊያም ሲሉት ድምፁን እንጂ ፍቺውን የሚያስብ ጥቂት ነው። እኛ ደምሴ ስንል ግን «ደምስስ» የሚለው ግስ ቀድሞ ጆሯችን ውስጥ ይገባል። የሚያስፈራን የደና የሰ ድምፅ ነው ወይስ መደምሰሱ? ድምፁን ከትርጉሙ ለመለየት አንድ መንገድ አለ፦ አንድን ስም ይዞ ስሙን የተሸከሙትን ሰዎች ማስተያየት።

አንደኛው ካሳ

በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ውስጥ አንድ ልጅ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። ለልጁ ካሳ የሚል ስም ወጣለት።

የካሳ የልጅነት ታሪክ ራሱ ስለ ስም ድምፅ አንድ ቀልድ አለው። በዚያን ዘመን ደምቢያን፣ ጭልጋንና ቋራን የሚያካትተው አገር ጌታ ደጃዝማች ማሩ ነበር። ግዛቱም ከስሙ ተወስዶ «የማሩ ቀመስ» ይባል ነበር። ማሩ! በአማርኛ ከዚህ የለሰለሰ ስም ይገኛል? መና ረ፣ ምንም የሚረግጥ ድምፅ የለበትም፤ ትርጉሙም ያው ማር ነው። በካልጋሪዎቹ ሚዛን ቢመዘን ደግና ተስማሚ ሰው ነው የሚወጣው። እንደሚተረከው ግን ትንሹ ካሳ ይማርበት የነበረውን የተክለ ሃይማኖት ገዳም ወርሮ ተማሪዎቹን ያስጨፈጨፈው ይኸው ማሩ ነው። ካሳ ከሞት ካመለጡት አንዱ ሆነ። ማሩም በ1820 ዓ.ም. በኮሶ በር ጦርነት ሞተ። በነገራችን ላይ ማር በኮሶ በር መሞቱን እኛ አይደለንም የፈጠርነው።

ካሳ ሸፈተ፤ ጦር አበጀ፤ መሳፍንቱን አንድ በአንድ ጥሎ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ቀሪውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በገዛ እጁ ድንጋይ እያነሳ መንገድ ያሠራ፣ ጋፋት ላይ መድፍ ያስቀለጠ፣ የካህናቱን መሬት ነክቶ ከቤተ ክህነት ጋር የተጣላ፣ ሲቆጣ መመለሻ ያልነበረው፣ ሥልጣንን በአንድ እጅ ለመጨበጥ የቸኮለ ሰው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጁን ከመስጠት ይልቅ ራሱን ገደለ።

እንግዲህ ጆሮ ብቻ ለሚያምን ሰው ካሳ የሚለው ስም ይመቻል። በከ ይረግጣል፣ በሰ ይስላል፣ እንደ ሰይፍ ይወጣል። «ያው እኮ ነው!» ያሰኛል። ግን አትቸኩሉ።

ሁለተኛው ካሳ

የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት በትግራይ በኩል ያሳለፈው፣ ጦሩ ሲመለስም መድፍና ጠመንጃ የተበረከተለት የትግራይ መስፍን ስሙ ማን ነበር? ካሳ። ካሳ ምርጫ። አንዱ ካሳ ወደ ሌላው ካሳ የሚሄደውን ጦር አሳለፈ። ከአራት ዓመት ያነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብሎ ነገሠ።

ሁለቱ ካሳዎች ጀግኖችም ጠንካሮችም ናቸው፤ ይህን የሚክድ የለም። አነጋገሣቸው ግን ሌላ ነው። ቴዎድሮስ የየአገሩን ጌቶች ሊያጠፋ ሲታገል ዮሐንስ ግብር እስከገቡ ድረስ በየግዛታቸው አኖራቸው። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ፣ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ንጉሥ ተብለው የኖሩት በእርሱ ዘመን ነው። ቴዎድሮስ ከካህናቱ ጋር ሲጣላ ዮሐንስ ቤተ ክህነትን ምርኩዝ አደረገ፤ በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤን የጠራውም፣ በሃይማኖት ነገር በሙስሊሙ ላይ እጁን ያጠነከረውም እርሱ ነው። ቴዎድሮስ የጻፈው ደብዳቤ መልስ ባለማግኘቱ ተቆጥቶ ከእንግሊዝ ጋር እስከ መዋጋት ደረሰ። ዮሐንስ ግን ግብጾችን ጉንደትና ጉራ ላይ ድል ካደረገ በኋላ እንኳ ለድርድር በሩን አልዘጋም።

ይህም ካሳ መጨረሻው እዚያው የአይከል መንገድ ጫፍ ላይ ሆነ። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጥለው ነበርና፣ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሊገጥማቸው ወረደ። ድሉ ወደ እርሱ ሲያጋድል በጥይት ተመታና ሞተ። አንዱ ካሳ ከዚህ ምዕራባዊ ቆላ ተነሥቶ ወደ ዙፋን ወጣ፤ ሌላው ካሳ ከዙፋን ተነሥቶ እዚህ ቆላ ወድቆ ቀረ።

ሦስተኛው ካሳ

«የአባታቸው ስም ይለያያል» የሚለን ካለ ሦስተኛውን እንጥራለን። ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉ። ስሙም የአባቱ ስምም ልክ እንደ ቴዎድሮስ ነው፦ ካሳ ኃይሉ። በ1873 ዓ.ም. ተወለዱ፣ በ1949 ዓ.ም. አረፉ። የዘር ሐረጋቸው ለዙፋን የሚያበቃ ሆኖ ሳለ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በታማኝነት የኖሩ፣ በጸሎትና በመጽሐፍ ወዳድነት የሚታወቁ መስፍን ነበሩ። ራስ ጉግሣ ወሌ በ1922 ዓ.ም. ከወደቁ በኋላ ቴዎድሮስ የተነሣበት በጌምድር ለእኒህ ካሳ ተሰጠ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሰሜን ግንባር ዘመቱ። ከንጉሡ ጋር ተሰደዱ። አገር ቤት የቀሩትን ሦስት ልጆቻቸውን፣ ወንድወሰንን፣ አበራንና አስፋ ወሰንን፣ ጣሊያኖች በ1929 ዓ.ም. ገደሏቸው።

አንዱ ካሳ ኃይሉ ዙፋን ባይሰጠውም በጉልበቱ ወሰደ። ሌላው ካሳ ኃይሉ ለዙፋን ቅርብ ሆኖ ሳለ ለሌላ ሰው ታማኝ ሆኖ ኖረ። ድምፁ አንድ ነው፤ ፊደል አልተጨመረ፣ አልተቀነሰ። ጠባይ በድምፅ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ከእነዚህ ሦስት ሰዎች ሁለቱ እንኳ መመሳሰል ነበረባቸው።

ተቃራኒውንም እንሞክር። ከማሩ የባሰ ለስላሳ ስም ስንፈልግ አንድ አገኘን፦ አሉላ። ከክቡ ሥዕል ጋር ይስማማል ከሚባለው ከ«ማሉማ» ጋር እህትማማች ነው። ኮለር ይህን ስም ቢሰማ ኖሮ ባለቤቱን ክብ አድርጎ ይስለው ነበር። አሉላ እንግዳ ግን በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የጣሊያንን ጦር የደመሰሰው፣ መተማ ላይም ከዮሐንስ ጋር የተሰለፈው የጦር አበጋዝ ነው። ጣሊያኖች አሉላ የሚለውን ድምፅ በሰሙ ቁጥር ክብ ነገር እንዳልታያቸው እርግጠኞች ነን።

ታዲያ ስም ስለማን ይናገራል?

ካሳ ማለት ለጠፋ ነገር የሚሰጥ ምትክ ነው። በአገራችን ልጅ የሞተበት፣ ወንድም ወይም አባት የተቀበረበት ቤት ቀጥሎ የሚወለደውን ልጅ ካሳ ይለዋል። ተካ፣ ምትኩ፣ ማስረሻም እንዲሁ ናቸው። እነዚህ ስሞች ስለ ልጁ ምንም አይናገሩም። ልጁማ ገና መጣ፣ ጠባይም የለው። የሚናገሩት ስለ ቤቱ ሐዘን ነው። በላቸውና ጣሰው የሚባሉ ልጆች አባታቸው ጠላት እንደነበረው፣ ደስታ የምትባል ልጅ እናቷ ምን ያህል እንደጠበቀቻት ይናገራሉ። ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ አብዮት የተባሉ ልጆች ተወለዱ፤ ከእነሱ መካከል አንድም ቀን ሰልፍ ያልወጣ፣ ጨዋ ሒሳብ ሠራተኛ ስንት አለ! ስሙ የአባቱን የዚያን ሰሞን ስሜት ይዞ ቀረ እንጂ።

የቴዎድሮስ እናት አትጠገብ ነበር ስማቸው። ይህ ስም ምን ይነግረናል? እኒህ ሴት ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ሳይሆን፣ ሲወለዱ አይቶ የማይጠግባቸው ሰው እንደነበረ። የአፄ ዮሐንስ እናት ደግሞ ወይዘሮ ሥላስ ድምፁ ይባላሉ። አዎ፣ አባታቸው ድምፁ ነው። ስለ ስም ድምፅ በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ ይህን ሳንጠቅስ ብናልፍ አንባቢ ይቀየመን ነበር።

ስለዚህ ስም መስታወት ከሆነም የሚያሳየው ፊት የባለቤቱን ሳይሆን የአውጪውን ነው።

ሰው ለራሱ ሲያወጣስ?

ሆኖም አንድ ነገር መቀበል አለብን። ሰው ስሙን ራሱ ሲመርጥ ነገሩ ይለወጣል። የቋራው ካሳ የነገሠው ካሳ ተብሎ አይደለም። «ፍካሬ ኢየሱስ» በተባለው መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ ዓለምን በጽድቅ እንደሚገዛ የሚናገር ትንቢት ነበረ። ሕዝቡ ለዘመናት ይህን ስም እየጠበቀ ኖሯል። ካሳ ያንን የተጠበቀ ድምፅ አንሥቶ ራሱ ላይ ጫነው። እዚህ ላይ ስሙ ጠባዩን አልገለጠም፤ ሰውየው በስሙ ልክ ለመኖር ታገለ እንጂ።

የጎንደር ነገሥታትም ይህን ጥበብ ያውቁ ነበር። ፋሲለደስ ዓለም ሰገድ፣ ልጁ ዮሐንስ አእላፍ ሰገድ፣ የልጅ ልጁ ኢያሱ አድያም ሰገድ ተባሉ። ዓለም ሰገደ፣ አእላፍ ሰገዱ፣ አውራጃ ሰገደ እያሉ። ቋሬዋ እቴጌ ደግሞ በክርስትና ወለተ ጊዮርጊስ፣ በንግሥ ብርሃን ሞገሳ፣ በሕዝብ አፍ ምንትዋብ ናት። ከሦስቱ የቱን ድምፅ ይዘን ነው ጠባይዋን የምንመረምረው?

ለድምፅ በጣም የሚጨነቀው ግን የፈረስ ስም ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፣ በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር። አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው፤ ብዙዎቹም ትእዛዝ ናቸው፦ ታጠቅ! በዝብዝ! ጠቅል! የሚነገሩት በሹክሹክታ አይደለም፤ በፉከራና በጦር ሜዳ ጩኸት መካከል ነው። ታጠቅ የሚለው ቃል በተ ይጀምራል፣ በጠ ይረግጣል፣ በቅ ይዘጋል፤ በበቅሎ ኮቴና በጥይት መካከል ሳይሰበር ሰሚው ዘንድ ይደርሳል። ካልጋሪዎቹ የለኩት ሥዕል እዚህ ጋ ሥራ አገኘ ማለት ይቻላል። ሰውየው ጆሯችን የምታምነውን ስለሚያውቅ፣ ማስመሰል የፈለገውን ድምፅ መረጠ። አሉላ እንኳ የፈረስ ስሙን ሲይዝ አባ ነጋ ብሎ ነው፤ ድምፁ አሁንም የዋህ ነው። ዶጋሊ ላይ ግን አልከበደውም።

ኮከባችን አይገጥምም

ይህ ሁሉ የጥንት ጨዋታ መስሎ ከታያችሁ ወደ ራሳችን እንምጣ። በአገራችን የስምን ፊደል ወደ ጠባይ የሚመነዝር መሣሪያ ከካልጋሪ በፊት ነበር፤ አውደ ነገሥት ይባላል። የፊደላቱ ዋጋ በቁጥር ይያዛል። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ይደመራሉ፣ ለአሥራ ሁለት ይካፈላሉ፣ ቀሪው ኮከቡን ይናገራል፦ ሐመል፣ ሰውር፣ ሸርጣን፣ ሚዛን፣ አቅራብ እያለ። ከኮከቡ ሥር ጠባዩ፣ በሽታው፣ ዕድሉና የሚስማማው የትዳር ጓደኛ ተዘርዝሮ ይገኛል። ቤተ ክርስቲያን ትቃወመዋለች፤ መጽሐፉ ግን ከመንገድ ዳር መጻሕፍት ሻጭ እጅ ጠፍቶ አያውቅም።

ለመዝናናት ከሆነ ማንም አይጣላበትም። ነገር ግን ሁለት የሚዋደዱ ልጆች «ኮከባችን አይገጥምም» ተብለው ሲለያዩ ጨዋታው ያበቃል። ስሌቱ ምን ላይ እንደቆመ አስቡት እስቲ። ልጁ በተወለደ ሰሞን አያቱ «ምትኩ» ይባል አሉ፣ አክስቱ «የለም፣ ደስታ ይሻላል» አሉ እንበል። አያት ካሸነፉ አንድ ጠባይ፣ አክስት ካሸነፉ ሌላ ጠባይ፤ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ትዳር በአራስ ቤት ክርክር ተወሰነ ማለት ነው። እኛም ስማችንን በየሰፈሩ እናሳጥራለን፤ ቴዎድሮስ ቴዲ፣ ትዕግሥት ቲጂ፣ ጌታቸው ጌች ይሆናሉ። ፊደሉ ሲያጥር ጠባይም አብሮ ካጠረ ከከተማ ልጅ የሚተርፍ ጠባይ የለም።

ሰሚው ሲሳሳት

ከዚህም የከፋ አለ። ስምን ሰምቶ ሰውን ማወቅ የሚቻል ሲመስለን ዋጋውን የሚከፍለው ባለስሙ ነው።

የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ይባላል፤ «ዓለምን አየሁ» ማለት ነው። አባት ስሙን ሲያወጣለት ደስታውን መግለጡ ነበር። ልጁ ግን በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ ተወስዶ እንግሊዝ አገር ገባ፤ ያላሰበውን ዓለም አየ። ስሙን በትክክል የሚጠራለት ሰው በሌለበት አደገ። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ አረፈና ዊንዘር ተቀበረ። አስከሬኑ ለአገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2015 ዓ.ም. እንደማይቀበል አሳወቀ። «ስሙ ትንቢት ነበር» የሚሉ አሉ። እኛ ግን ትንቢት ነው ማለት ከባድ ይሆንብናል፤ ልጁን የወሰደው ጦር ነው እንጂ ስሙ አይደለም።

ከዚሁ ከጎንደር አካባቢ ተነሥተው፣ ብዙዎቹም በእግራቸው ሱዳን ድረስ ተጉዘው እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያንም ይህን ያውቁታል። በ1977 ዓ.ም. እና ከዚያ ወዲህ ሲገቡ ብዙዎቹ፣ በተለይ ልጆቹ፣ ከአዲሱ አገር ጆሮ ጋር የሚስማማ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። በመዝገብ ላይ አንድ ቃል መለወጥ ይመስላል። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው የእኛ ስም የቤት ታሪክ ነው። ካሳ የተባለው ልጅ ሌላ ስም ሲሰጠው፣ የሞተው ወንድሙ መታሰቢያ አብሮ ተፋቀ። ከዚያ ትውልድ አድገው የጥንት ስማቸውን መልሰው የያዙ አሉ፤ እንዲሁ አልነበረም።

አሁን ወደ አይከል እንመለስ። ጭልጋ የአማራና የቅማንት ሕዝብ አብሮ የኖረበት አገር ነው። የቅማንት ቋንቋ ከአገው ቋንቋዎች ወገን ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አፍ የፈቱበት ሰዎች ከ2000 በታች ነበሩ። አብዛኛው ሰው ከትውልዶች ጀምሮ አፉን በአማርኛ ፈትቷል፣ ስሙንም በአማርኛ አውጥቷል። ስለዚህ አንድ ካሳ ወይም አንዲት አትጠገብ ከየትኛው ቤት እንደሆኑ ከስማቸው መለየት አይቻልም። ሐዘናቸውንም ደስታቸውንም በአንድ ቋንቋ ሰይመውታል። ሆኖም ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በጭልጋና በአካባቢው በተደጋጋሚ በተነሡ ግጭቶች ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል። ስም ያላወቀውን ልዩነት ሰው ፈልጎ አገኘው።

በሌላ የአገራችን ክፍል ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ስም ብቻ ተሰምቶ «ይኼ የእነሱ ነው» ይባላል። የሥራ ማመልከቻ ላይ፣ የቤት ኪራይ ስንጠይቅ፣ አዲስ ሰው ስንተዋወቅ ጆሯችን ሥዕል ትስላለች። ሥዕሉን መሳሏን ማቆም አንችልም፤ ቡባና ኪኪም ያሳዩን ይህንኑ ነው። የምንችለው ሥዕሉን ሰውየው ነው ብሎ አለመፍረድ ነው።

እኛም መልአኩን ሙሉ በሙሉ አናባርረውም። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚሉትን አባቶች አሁን በሌላ ጆሮ ነው የምንሰማቸው፤ መልአኩ የሚያየው ሕፃኑን ብቻ ሳይሆን አልጋውን ከበው የቆሙትንም ጭምር ይሆናል። ስለዚህ ስማችሁ ስለ እናንተ ምን እንደሚል ለማወቅ የፊደል ቁጥር ከመደመራችሁ በፊት፣ ያወጣላችሁ ሰው በሕይወት ካለ ሄዳችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ያን ጊዜ ቤታችን ምን ሆኖ ነበር?» የምትሰሙት ታሪክ የእናንተን ጠባይ አይናገር ይሆናል። ስማችሁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ ድምፅ ይሰማችኋል።